ጠጉሩና ቆዳው፤ ከጌጫ ጉሬዛ እስከ ዓሣ መንጠቆ

ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጌጫ፣ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዝናብ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተንጣለለው ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው የሸካ ደን አካል ነው። አገሩ በማር፣ በኮረሪማና በእንሰት፣ ወደ ቆላው ዝቅ ሲባልም በቡና ይታወቃል። ስለዚህ አካባቢ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ስለነዚሁ ምርቶች ነው። በዛፎቹ ጫፍ ላይ የሚኖረው የጉሬዛ ጠጉር በአንድ ዘመን ከገበያው ሸቀጦች አንዱ እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ነገሩ የአደንና የጌጥ ወሬ ብቻ መስሎ ስለሚታይም መሐንዲስን የሚመለከት ጉዳይ አልሆነም። ይሁን እንጂ የአንድ እንስሳ ጠጉር ሳይረግፍ፣ ቆዳው ሳይበሰብስ፣ ቀለሙም ሳይለቅ ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግል ማድረግ የሰው ልጅ ከገጠሙት የማቴሪያል ችግሮች ሁሉ አንዱ ጥንታዊና አስቸጋሪ ችግር ነው።

ጉሬዛ ለሳይንስ ስሙን የሰጠው አማርኛ ነው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1834 ድረስ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን እንስሳት ሲያሳውቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ይህን ጦጣ ኮሎበስ ጉሬዛ ብሎ መዘገበው። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «የተቆረጠ» ማለት ነው፤ እንስሳው አውራ ጣት ስለሌለው የተሰጠው ነው። ሁለተኛው የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ነው። የሰውነቱ ጠጉር ጥቁር ሲሆን፣ ከትከሻው ጀምሮ በጎንና ጎኑ እየወረደ ወገቡን የሚዞረው ረጅም ጠጉር ግን እንደ ካባ ዘርፍ ነጭ ነው፤ የጭራውም ጫፍ እንዲሁ። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ የጎልማሳውን መልክ የሚይዘው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንደጻፉት፣ በቀድሞው ልማድ የሰሜኑ ጦረኛ ጋሻውን በጉሬዛ ቆዳ ያስጌጥ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ረጅሙ ነጭ ጠጉር ከጥቁሩ ጋር የሚገናኝበት የጀርባውና የጎኑ ክፍል ነበር። ከጌጡ በስተጀርባ ያለው የባለሙያው ስሌት ግን ከጌጡ ይልቅ ትኩረት የሚስብ ነው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ሌጦ ላይ ጎን ለጎን ተዋቅረው፣ አንዱ ወደ ሌላው ሳይደማ፣ ዝናብ ሳያጥባቸውና ፀሐይ በቀላሉ ሳያደበዝዛቸው እንዲቆዩ ማድረግ በዚያ ዘመን በየትኛውም የቀለም ገንዳ አይቻልም ነበር። ጉሬዛው ግን ይህን ከተፈጥሮ ይዞት ይመጣል። ለባለሙያው የቀረለት ሥራ የተሰጠውን ሳያበላሹ መጠበቅ ነበር፤ ይህም ቀላል አልነበረም።

የችግሩ ሥር አንድ ሌጦ በእውነቱ ሁለት ማቴሪያል በመሆኑ ነው። ቆዳው በአመዛኙ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን ጠጉሩ ደግሞ ኬራቲን ነው። ኬራቲን በውስጡ በሰልፈር ድልድዮች የተቆላለፈ ስለሆነ ለውኃ፣ ለለዘብተኛ አሲድና ለሙቀት ይጸናል፤ የበግ ጠጉር በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቢነከር አይሟሟም። ኮላጅን በአንጻሩ እርጥብና ያልለፋ ከሆነ ሙቀቱ ወደ 60 ወይም 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በድንገት ይኮማተራል፤ ከዚያ በላይ ቢቀቀል ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ስለዚህ ጠጉሩ የሚሻውን ቆዳው አይችለውም፤ ቆዳው የሚሻውንም አንዳንድ ጊዜ ጠጉሩ አይወደውም። ለምሳሌ ኖራ ቆዳውን ለማልፋት የሚያዘጋጅ ቢሆንም የጠጉሩን ሥር ይፈታል። የጠጉር ሌጦ አሠራር ታሪክ በጠቅላላው እነዚህን ሁለት ባላንጣዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ የማስታረቅ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በመሠረቱ የጠጉር መርገፍ የሚጀምረው ከሌጦው ገፈፋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ጠጉሩን ከነሥሩ የያዘው የላይኛው ስስ ንብርብር ለባክቴርያ ከሁሉ ቀድሞ የሚጋለጥ ነውና፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ቆዳው ጤነኛ መስሎ ሳለ ጠጉሩ በእፍኝ ይነቀላል። በደረቅ አገር ሌጦው በካስማ ተወጥሮ ነፋስና ጥላ ካገኘ ይድናል። እንደ ጌጫ ባለ፣ የዓመቱ አብዛኛው ክፍል ጭጋግና ዝናብ በሆነበት አገር ግን ፀሐይ አይታመንም። እንዲህ ባለ አገር የሚታመነው ማድረቂያ ከምድጃ በላይ ያለው ሥፍራ ነው። ጢስ እንዲሁ ከማድረቅ በላይ ሥራ አለው፤ በውስጡ ያሉት አልዴሃይድ የሚባሉ ውሕዶች ከኮላጅኑ ጋር ተሳስረው ቆዳውን በከፊል ያለፉታል፣ ብስባሴንም ይከላከላሉ። ኬሚስትሪው የተብራራው በቅርብ ዘመን ይሁን እንጂ ጢስ ቆዳን እንደሚያሰነብት ማወቅ በብዙ የዓለም ክፍሎች እጅግ የቆየ ዕውቀት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍቀት ነው። ከሥጋው ገጽ ላይ የቀረው ስብና ስስ ሥጋ ካልተወገደ ቅባቱ ውሎ አድሮ ይሻግታል፣ ቆዳውንም ያቃጥለዋል፤ ከመጠን በላይ ቢፋቅ ደግሞ የጠጉሩ ሥር ከታች ተቆርጦ ጠጉሩ ይረግፋል። ለበሬ ቁርበት የሚፈቀደው ስሕተት ለጉሬዛ ሌጦ አይፈቀድም፤ ቆዳው ስስ ነውና። የፋቂው እጅ የሚለካው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ነበር ማለት ነው፤ መለኪያው ግን ጣቱ ብቻ ነበር።

ለዚህ ሥራ ማኅበረሰቡ የከፈለው ዋጋ ምን ነበር? በካፋና በአካባቢዋ የማንጆ ሰዎች በአዳኝነት፣ የማኖ ሰዎች ደግሞ በቆዳ አልፊነት ይታወቁ ነበር። ማንጆዎቹ ደኑን የሚያውቁ ናቸው፤ ጉሬዛን ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር። በዚሁ ምክንያት ሌላው ሰው «ርኩስ የሚበሉ» እያለ አገለላቸው፤ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም፣ ከቤቱም አያስገባቸውም ነበር። ይህ መገለል ሙሉ በሙሉ ተወግዷል ለማለትም ገና ነው። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። ሥጋውን መብላት የሚያስነውር ሲሆን ጠጉሩን መልበስና መነገድ ግን አላስነወረም። ሌጦው ከአዳኙ እጅ ወጥቶ፣ በፋቂው እጅ ለፍቶ፣ በነጋዴው እጅ ሲሸጥ፣ ንቀቱ የተጣበቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት እጆች ላይ ብቻ ነበር። በሰሜኑም ክፍል «ፋቂ» የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆኖ የኖረው ከዚሁ በማይለይ መንገድ ነው። የሙያ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በአፍና በእጅ ብቻ ሲተላለፍ፣ ባለሙያውን ማግለል ዕውቀቱንም አብሮ መቅበር ማለት ሆነ።

ከደኑ ወጣ ብሎ መላ ኢትዮጵያን ለተመለከተ፣ ጠጉሩን ሳይነቅሉ ቆዳን የመሥራት ልማድ በጉሬዛ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በየቤቱ የሚነጠፈው አጎዛ፣ እረኛውና የቆሎ ተማሪው የሚደርበው ደበሎ፣ የጀግናው የአንበሳ ጎፈርና ለምድ ሁሉ የዚሁ ሙያ ልጆች ናቸው። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ በአመዛኙ ቀለም ያልተነከሩ መሆናቸው ነው። አጎዛው በጉ የሰጠውን መልክ እንደያዘ ይነጠፋል። በመንዝ የሚሠራው ታዋቂው በርኖስ እንኳ፣ ጠጉሩ ከቆዳው ተለይቶ የተፈተለ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁርነቱ ከጥቁር በግ የመጣ ነው።

ይህ የማቅለም ጥበብ ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ሴቶች በእንሶስላ ሥር እጅና እግራቸውን ያቀልማሉ፤ የመቅመቆ ሥር ለቅቤም ለጨርቅም ቀለም ይሰጣል፤ የስፌት ሣር ቀልሞ አለላ ይሆናል፤ የመነኮሳቱ ወይባ ቢጫ ነው፤ የመጻሕፍት ሽፋን የሚሆነው ቆዳም ቀይ ሆኖ ይለፋል። እንግዲህ ሣር፣ ጨርቅ፣ ጠጉር አልባ ቆዳና የሰው እጅ ሲቀለሙ ጠጉር ያለው ሌጦ ለምን ሳይቀለም ቀረ? መልሱ ቀደም ሲል በተገለጸው የሙቀት ጉዳይ ውስጥ የሚገኝ ይመስላል። የዕፅዋት ቀለም ጠጉርን በሚገባ የሚይዘው በጨው ተደግፎ፣ ለብዙ ሰዓት በጋለ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ነው። ሣር ቢቀቀል ምንም አይሆንም። ሌጦ ቢቀቀል ግን የሚወጣው የተጨማደደ ቁራጭ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ባለሙያ ቀለሙን ከማብሰል ይልቅ እንስሳውን መምረጥን ያዘ፤ ጥቁር ሲሻ ጥቁር በግ፣ ጥቁርና ነጭ ሲሻ ጉሬዛ። መሐንዲስ ችግሩን መፍታት ሳይሆን ማለፍ የሚለው ዓይነት መፍትሔ ነው፤ ለእንስሳው ግን መልካም አልነበረም።

በሌላው የዓለም ክፍል ይኸው ችግር በተቃራኒው አቅጣጫ ተጠቃ። ሰው ጠጉርን ከቆዳው ለይቶ፣ ብቻውን ማቅለም ጀመረ፤ ከዚህም ውስጥ በዝርዝር ከተጻፉት ቀደምት መመሪያዎች አንዱ የተጻፈው ለዓሣ አጥማጆች መሆኑ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1496 በእንግሊዝ አገር የታተመውና ለእመምኔት ጁሊያና በርነርስ የሚሰጠው የዓሣ ማጥመድ ድርሳን፣ አጥማጁ ገመዱን ከነጭ ፈረስ ጭራ እንዲሠራ፣ ጠጉሩንም በስድስት ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በተለያየ ቀለም እንዲነክር ያዛል፤ ገመዱ ከየወቅቱ ውኃ መልክ ጋር እንዲመሳሰልና ዓሣው እንዳያየው ነው። ለቀለሙም ቀላል ጠላ፣ አሉም የተባለው ጨው፣ ጥላሸት፣ የዋልነት ዛፍ ቅጠል ጭማቂ የመሳሰሉትን ያዛል። አሉሙ ቀለሙን ከጠጉሩ ጋር የሚያስተሳስር ነው። ነጭ ፈረስ መመረጡም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቁሩን ጠጉር ጥቁር ያደረገው ሜላኒን የሚባለው ቅንጣት በላዩ የሚጨመርን ቀለም ሁሉ ይውጠዋል፤ ነጩ ግን የተሰጠውን ያሳያል።

ያው ድርሳን ከጠጉር፣ ከፈትልና ከላባ የሚሠሩ 12 ዓይነት ሰው ሠራሽ ዝንቦችንም ይዘረዝራል። የዚህ ጥበብ መነሻው አንዳንድ ዓሦች፣ በተለይ ትራውት፣ በውኃው ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን እየለቀሙ መብላታቸው ነው። አጥማጁም በመንጠቆው ላይ ጠጉርና ላባ በክር ጠምጥሞ ነፍሳት ያስመስላል። በአገራችን የፈረስ ጭራ ዝንብ ማባረሪያ ሆኖ ሲያገለግል፣ በዚያ አገር ራሱ ዝንብ ሆኖ ዓሣ ያታልላል ማለት ነው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1856 ወጣቱ ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የመጀመሪያውን ታዋቂ ሰው ሠራሽ ቀለም፣ ሐምራዊውን ሞቭ፣ አገኘ። ተከትለው የመጡት አሲድ ቀለሞች የሚባሉት፣ በጥቂት ኮምጣጤ ብቻ ጠጉርን በደማቁ የሚያቀልሙ ሆኑ። የዚህም ምክንያት አሲዱ በኬራቲኑ ላይ አወንታዊ ሙል መፍጠሩና አሉታዊ የሆነው ቀለም ወደዚያ መሳቡ ነው። የሳልሞን ዓሣ መንጠቆ የሚሠሩ እንግሊዞችና ስኮትላንዶች ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ጠጉር ለመንጠቆዎቻቸው በዚህ መንገድ ያገኙ ጀመር። ነገር ግን አሲድ ቀለም በሚገባ የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከቆዳው ለተለየ ጠጉር መልካም ነው፣ ከነቆዳው ለሚፈለግ ፀጉራም ሌጦ ግን የድሮው ግድግዳ እንደቆመ ነበር።

ግድግዳው ከሁለት ወገን ተበሳ። በአንድ በኩል ኤርንስት ኤርድማን የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓራፊኒሊንዳያሚን የሚባለውን ውሕድ ለጠጉር ማቅለሚያ በፓተንት አስመዘገበ። ብልሃቱ ቀለሙን ሳይሆን የቀለሙን ጥሬ ማስገባት ነው፤ ትንንሾቹና ቀለም አልባዎቹ ሞሌኪውሎች በለብ ባለ ውኃ ውስጥ ወደ ጠጉሩ ይዘልቃሉ፣ ከዚያም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲጨመር እዚያው ውስጥ ተጣምረው ትልቅና ጥቁር ቀለም ይሆናሉ፤ ተመልሰው ለመውጣትም አይችሉም። ማፍላት አያስፈልግም፤ ቆዳው ይተርፋል። ኡርሶል በሚል የንግድ ስም የተሠራጨው ይህ ቀለም በአውሮፓ ርካሹን የጥንቸል ቆዳ ውድ ሌጦ አስመሰለው። ዋጋውን የከፈሉት ግን የጠጉር ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቆዳቸው እየቆሰለ፣ ደረታቸው እየታፈነ፣ «የኡርሶል አስም» የሚባል የሙያ በሽታ ስም እስኪወጣለት ደረሰ። ያው ውሕድ ዛሬም በየጸጉር ቤቱ በሚቀርበው ጥቁር የጸጉር ቀለም ውስጥ ስለሚገኝ፣ ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

በሌላ በኩል አውግስጦስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ ያስመዘገበው፣ ማርቲን ዴኒስ በ1893 ያቃለለው የክሮም ማልፊያ፣ ቆዳው ራሱ 100 ዲግሪ ገደማ እንዲችል አደረገው። ክሮሙ የኮላጅኑን ክሮች እንደ ማገር ያስተሳስራል። በክሮም የለፋ ጥንቸል ወይም በግ ከነጠጉሩ በጋለ ገንዳ ሊቀለም ቻለ። ዛሬ መንጠቆ ሠሪዎች በቀጭኑ እየቆረጡ የሚያስሩት ቀይና ወይን ጠጅ የጥንቸል ሌጦ የዚህ ውጤት ነው።

በቤቱ የሚሠራው አማተር አጥማጅ የሚከተለው ሥርዓት ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተጨመቀ ነው ለማለት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ጠጉሩን በሳሙና ደጋግሞ ያጥባል፤ ቅባት ያለበት ጠጉር ቀለምን ይገፋልና። ደረቁን ጠጉር ለሰዓታት በውኃ ያርሳል፤ አለዚያ ቀለሙ ነብር ነብር ይሆናል። ቀለሙን በውኃ አሟሙቶ ሌጦውን ያስገባና ቀስ በቀስ ያሞቃል፤ ኮምጣጤውን የሚጨምረው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ቢጨመር ቀለሙ ጫፉን ብቻ ይዞ ሥሩን ይተወዋልና። ቆዳው ካልለፋ ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ በታች ይይዛል፣ ጊዜውንም በዚያው መጠን ያስረዝማል። ጥቁር ጠጉር ይዞ ቢጫ የሚሻ ካለ በፐርኦክሳይድ ማንጣት ግዴታው ነው፤ በዚህም የጠጉሩ ጥንካሬ ይቀንሳል። ብልሁ ነጭ ፍየል ይፈልጋል።

ይህ ጥበብ ከኢትዮጵያ ምድር ጋር በቀጥታ የተገናኘው በባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ ጭምር፣ ተለቀቀና ተራባ፤ መንጠቆ አሳሪዎችም ተከተሉት። ከጌጫ አካባቢ ወደ ባሮ የሚወርዱት ወንዞች ትራውት የላቸውም፤ በጌጫም ቢሆን ጉሬዛ ለመንጠቆ አልታደነም።

የታደነው ለፋሽን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በተለይም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የጦጣ ጠጉር በፓሪስና በኒው ዮርክ ሴቶች ካፖርት አንገትና ጠርዝ ላይ እጅግ ተፈለገ፤ ረጅም፣ አንጸባራቂና ተፈጥሮ ያቀለመው በመሆኑ። የኢትዮጵያ ጉሬዛ ሌጦም ወደ ውጭ ከሚላኩት ሸቀጦች አንዱ ሆነ። ተፈጥሯዊ ቀለሙ፣ ማለትም ለባለሙያው ድካም የቀነሰለት ጸጋ፣ ለእንስሳው የሞት ማዘዣ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የአደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅና በ1972 የወጣው የዱር እንስሳት ደንብ ነገሩን በሕግ መልክ አስያዙት፤ ኢትዮጵያ በ1989 የገባችበት በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሌጦው ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ዘጋ። ፋሽኑ ግን ከሕጉ በፊት ሞቶ ነበር። አሁን ጉሬዛውን የሚያሰጋው አዳኙ ሳይሆን የደኑ መመንጠር ነው።

የጉሬዛው ሌጦ ከገበያ ሲወጣ የፍየልና የበግ ሌጦ ፋብሪካ ገባ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተቋቋሙበት ከ1910ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ሌጦ በዓለም ገበያ ስሙ የጸናው በጠጉሩ ሳይሆን ጠጉሩ ከተወገደ በኋላ በሚገኘው ገጹ ነው፤ የበጉ ለጓንት፣ የፍየሉ ለጫማ። ጠጉሩ እንቅፋት ሆነ። እንቅፋቱን ለማስወገድ የተለመደው ዘዴ ደግሞ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ማቃጠል ነው። ሰልፋይዱ እነዚያን የሰልፈር ድልድዮች ይሰብራቸዋል፤ ለውኃና ለእሳት የማይበገረው ኬራቲን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሙክ ይሆናል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ከሚሸከመው የብስባሽ ጫና ትልቁ ድርሻ ይኸው የሟሟ ጠጉር ነው፤ ሰልፋይዱም ከአሲድ ጋር በተገናኘ ጊዜ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ይህን ለአሠርት ዓመታት ተሸክመዋል።

የገጠሩ ፋቂ ጠጉር ማስወገድ ሲሻ የሚጠቀመው የቁልቋል ወተትና የመሳሰለውን ነበር። ይህ የጠጉሩን ሥር ይፈታል እንጂ ጠጉሩን አያሟሟም፤ ጠጉሩ ሙሉ እንደሆነ ይነሣል። በሌሎች አገሮች ያሉ ዘመናዊ ፋብሪካዎች ጠጉር አዳኝ ብለው የሚጠሩት ዘዴም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሥሩን ፈትቶ፣ ጠጉሩን በወንፊት ማጥለል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወንፊት፣ ፓምፕና የኬሚካሉን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። የተጠለለው ነጭ የፍየል ጠጉር ታጥቦ፣ በየርዝመቱ ተለይቶ፣ በኮምጣጤና በአሲድ ቀለም ቢነከር፣ መንጠቆ አሳሪዎች በትናንሽ ከረጢት የሚገዙት ዓይነት ዕቃ ይሆናል። በሚቃጠልበት ፋብሪካ ግን ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ቡናማውም ጠጉር ከቱቦው ሲወጣ አንድ ዓይነት ግራጫ ዝቃጭ ነው።